ፊቱን ከመቁረጣችሁ በፊት፦ ሞተር ለማቀዝቀዝ ተብሎ የሚሠሩ ስህተቶች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ጀሪካን አስቀምጦ የቆመ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። የሚገርመው አንዳንዱ ፊቱ ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተቆረጠ መሆኑ ነው። ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ጥቁር ወንፊት ተገጥሞለታል፣ ኮፈኑ ላይ የአየር መግቢያ አፍንጫ ተተክሏል። ሙቀቱ ግን ያው ነው፤ አንዳንዴም ብሶበታል። ሴሊካም ይሁን ላንሰር፣ ኢምፕሬዛም ይሁን ስፖርት ለመምሰል የለበሰ ቪትዝ፣ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው።

ቀዳዳውን ማስፋት፣ ክፍተቱን አለመዝጋት

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ስለዚህ በዚህኛው እንቆያለን።

ራዲያተር ለአየር እንቅፋት ነው። ከፊቱ ኤሲ ካለ የኤሲውን ሙቀት የሚያስወጣው ኮንደንሰር፣ ቱርቦ (ለሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባው) ካለ ደግሞ ያንን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ይጨመራል። አየሩ በፓራውልቱ ቀዳዳ ከገባ በኋላ በእነዚህ ሁሉ ፊኖች (ስስ የብረት ክንፎች) መሀል ተጨናንቆ ከማለፍ ይልቅ በጎን፣ በላይና በታች ክፍተት ካገኘ በዚያ ሹልክ ይላል። ቀዳዳውን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው በጎን የሚያመልጠው አየር ነው። ራዲያተሩ የሚያገኘው ያው የድሮው ድርሻ ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ከራዲያተሩ ኋላ የተፋው ትኩስ አየር በነዚያው ክፍተቶች ዞሮ ወደ ፊት ይመለስና እንደገና ይሳባል። ራዲያተሩ የራሱን ሙቀት መልሶ ይጠጣል ማለት ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ መንገድ ተዘግቶ ስትቆሙ የሙቀት መርፌው ቀስ እያለ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ውጪው ብርድ ሆኖ ሳለ።

ክፍተቱን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። ሲመሽ ኮፈኑን ክፈቱና የእጅ ባትሪ ከራዲያተሩ ኋላ፣ በሞተሩ በኩል አስቀምጡ። ከዚያ ኮፈኑን ዘግታችሁ ከፊት ጎንበስ ብላችሁ በቀዳዳው ተመልከቱ። በፊኖቹ መሀል ከሚታየው ደብዛዛ ብርሃን ውጪ በጎን፣ ከራዲያተሩ ራስ በላይ ወይም ከሥሩ ደምቆ የሚወጣ ብርሃን ካለ አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው። በጠመኔ ወይም በቴፕ ምልክት አድርጉበት።

አዘጋጉ እንዲህ ነው። ፓራውልቱን አውርዱ። ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ ራዲያተሩ ጠርዝ በሁለቱም ጎን፣ በላይና በታች በካርቶን ልክ ውሰዱ። ካርቶኑ በትክክል ሲገጥም 1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላሜራ በልኩ አስቆርጡና በ4 ሚሊ ሜትር ሪቪት፣ በየ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትሩ አስሩት። ላሜራው ራዲያተሩን መንካት የለበትም። ራዲያተሩ የተቀመጠው ጎማ ላይ ስለሆነ ይንቀሳቀሳል፤ ላሜራው ከነካው ኮረኮንች ላይ እየፈተገ በጥቂት ወራት ይበሳዋል። 10 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉና ያንን በጎማ ወይም ውሃ በማይመጥ ፎም ሙሉት። ከታችኛው ላሜራ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው 10 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ብሱ።

የፍራሽ ስፖንጅ አትጠቀሙ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ለመቁረጥም ቀላል ነው። ግን ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ይዝጋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተቦጭቆ ቬንትሌተሩ ውስጥ ይገባል። ለስፖርት የሚነጠፈው ዓይነት ጠጣር ምንጣፍ ውሃ ስለማይመጥ እሱን እየቆረጡ መጠቀም ይሻላል።

ይህ በደንብ ከተሠራ ብዙ ጊዜ መቁረጥ ጭራሽ አያስፈልግም። ዙሪያው ከተዘጋና መንገዱ ከቀዳዳው ወደ ራዲያተሩ ቀስ እያለ ከሰፋ የራዲያተሩን ፊት አንድ ሦስተኛ የሚያህል ቀዳዳ ለብዙ መኪና ይበቃል። የጎን ግድግዳው በድንገት ከተከፈተ ግን አየሩ ከግድግዳው ይለያይና ጥጉ ላይ ይዞራል፤ የራዲያተሩ ጥግም ሥራ ፈት ይሆናል።

ሜዳ ላይ የሠራው ዳገት ላይም ይሠራል ብሎ ማሰብ

መኪናው ሲሄድ ፊቱ ላይ የሚፈጠረው ግፊት በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። በኮምቦልቻ ከፍታ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 40 ሚሊ ሜትር የውሃ ከፍታ የሚያህል ግፊት ይገኛል። በ30 ኪሎ ሜትር ግን 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ባለው ሜዳ ላይ ያማረው ቀዳዳችሁ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ ከጌጥ አያልፍም። እዚያ ሥራውን የሚሠራው ቬንትሌተሩ ነው።

ከፍታውም አለ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቬንትሌተሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፣ የሚሸከመው ሙቀትም እንዲሁ። ተራ ሞተር ከፍታ ላይ ጉልበቱ ስለሚወርድ ሙቀቱም አብሮ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ግን ጉልበቱን ይዞ ስለሚወጣ ያንኑ ሙቀት በሳሳ አየር ማስወገድ አለበት። ወንድሙ ያለ ቱርቦ በሰላም የወጣውን ዳገት ቱርቦው እየፈላ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሹፌሩን አትስደቡት።

የቬንትሌተሩን ቀፎ አውጥቶ መጣል

ቀፎው ቬንትሌተሩን ከራዲያተሩ ጋር የሚያገናኘው ሽፋን ነው፤ «አየር ይዘጋል» ተብሎ ይነቀላል። ቀፎው ከሌለ ቬንትሌተሩ የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረው ራዲያተር ዳገት ላይ ተመልካች ይሆናል። ቀፎው ተሰብሮ ከሆነ አስጠግኑት ወይም በላሜራ አሠሩት፤ ራዲያተሩን በሙሉ ይሸፍን፣ ከቬንትሌተሩ ክንፍ ጫፍ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በፍጥነት ስትሄዱ አየሩን እንዳያንቅ ከፈለጋችሁ ጥግ ጥጉ ላይ ቀዳዳ ክፈቱና ከላይ ብቻ የታሰረ የጎማ ምላስ አንጠልጥሉበት፤ ስትፈጥኑ ተገፍቶ ይከፈታል፣ ስትቆሙ ይዘጋል።

ከፊት በኩል ተጨማሪ ቬንትሌተር መጨመርም ተለምዷል። ቦታ ከጠፋ ይሁን፤ ግን በማይዞርበት ጊዜ ራሱ ለአየሩ ግርዶሽ ነው። ከኋላ ሆኖ የሚስብ አንድ ጥሩ ቬንትሌተር ከፊት ከሚገፉ ሁለት ደካሞች ይበልጣል።

የኤሌክትሪክ ሥራው ላይ ሽቦው ሲገለበጥ ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ይዞርና ከሚመጣው አየር ጋር ግብግብ ይገጥማል። ድምፁ ደህና ነው፣ ይዞራል፣ ማንም አይጠረጥርም። መኪናው ቆሞ ቬንትሌተሩ ሲነሳ አንድ ወረቀት ከፊት አስጠጉ፤ መጣበቅ አለበት፣ ከተገፋ ሽቦው ተገልብጧል። ትልቅ ቬንትሌተር 20 አምፔር አካባቢ ስለሚወስድ ባለ 40 አምፔር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦና ባትሪው አጠገብ ባለ 30 አምፔር ፊዩዝ ያስፈልጋል። ከመብራት መስመር ላይ የጠለፈ ሰው ማታ ዳገት ላይ ሁለቱንም ባንዴ ያጣል።

በራዲያተሩ መሀል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ቬንትሌተር አታስሩ። ቱቦውን ይበላዋል።

ኮፈኑን ከኋላ በሮንዴላ ማንሳት

ማጠፊያው ሥር ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) ደራርቦ የኮፈኑን ኋላ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ማንሳት። መልኩን የሚወዱት አሉ። የፊት መስታወቱ ሥር ግን መኪናው ሲሄድ ግፊት የሚከማችበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ትኩሱ አየር ይወጣል ሲባል የውጪው አየር ይገባል፣ በራዲያተሩ ለማለፍ የሚታገለውንም ከኋላው ይገፋዋል። የሞተር ጭስና ሽታም በአየር መግቢያው ወደ ውስጥ ይመጣል። ጥቅሙ መኪናው ሲቆም ብቻ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ማጠፊያውን ማላላት አይገባም።

የኮፈን መውጫ እንዳመጣ መቁረጥ

መውጫ ጥሩ ነገር ነው፤ በራዲያተሩ ያለፈ አየር መሄጃ ካጣ ከፊት የሚገባውም ይቆማል። ቦታው ግን ወሳኝ ነው። በብዙ መኪና ግፊቱ ዝቅ የሚለው ኮፈኑ ወደ ላይ ታጥፎ በሚጀምርበት፣ በፊተኛው አንድ ሦስተኛ ላይ ነው፤ ከራዲያተሩ ኋላ ብዙም ሳይርቅ። ወደ መስታወቱ በተጠጋችሁ ቁጥር ይበላሻል።

ከመቁረጥ በፊት ለኩ። ሁለት ሦስት ሜትር ግልጽ ቱቦ ግዙ፣ መሀሉን እንደ ዩ አጥፋችሁ እንጨት ላይ እሰሩ፣ ቀለም የገባበት ውሃ ሙሉበት። አንዱን ጫፍ ልትቆርጡት ባሰባችሁት ቦታ ላይ ከኮፈኑ ጋር አጋድማችሁ በቴፕ ለጥፉ፣ ሌላውን ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከራዲያተሩ ኋላ አድርጉ። ቱቦው በመስኮት ይግባ፤ ሹፌሩ ሜዳ ላይ በ80 ሲነዳ ጎኑ የተቀመጠው ያንብብ። በኮፈኑ በኩል ያለው ውሃ ወደ ላይ ከተሳበ ግፊቱ እዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ መውጫው በዚያ ይሠራል። ወደ ታች ከተገፋ ቦታው መግቢያ እንጂ መውጫ አይደለም። ሦስት አራት ቦታ ሞክሩ።

ስትቆርጡ ከሥር ያሉትን የማጠንከሪያ አጥንቶች መሀል ብቻ ክፈቱ፤ የኮፈኑ ቁልፍ ዙሪያ አይነካ። ከመውጫው ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቀና ቢል መሳቡን ይጨምራል፤ የደሴ ባትላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ) ይህን በመዶሻና በታኮ አሳምሮ ያወጣዋል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ቀጥታ ዲናሞው ወይም ኮይሉ ላይ እንዳይወርድ ከሥሩ ውሃውን ወደ ጎን የሚያፈስ ትሪ አድርጉ።

የግጭቱን ብረት መቁረጥ

ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ኋላ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ብረት ለአየር መንገድ ተብሎ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ አይሳሳም። ግጭት ሲመጣ ጉልበቱን ለሻንሲው የሚያካፍለው እሱ ነው። የኤርባግ ሴንሰሮችም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ታስረዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ወንፊት፣ መብራትና ታርጋ

ለጠጠር መከላከያ ቀዳዳው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት ይበቃል። የትንኝ መከላከያ የሚመስለውን ጥቅጥቅ ሽቦ የምትገጥሙ ከሆነ ባትቆርጡት ይሻል ነበር፤ ባቲና ሚሌ ደርሶ ሲመለስ በአቧራና በነፍሳት ተደፍኖ ነው የምታገኙት። የጭጋግ መብራትና ረጅሙን ኤልኢዲ ቀዳዳው መሀል አትሰቅሉ። ታርጋው መታየት ስላለበት ከፊት ይቀመጣል፣ ግን ከግጭቱ ብረት ፊት፣ አየር በማያልፍበት ቦታ ይሁን።

የሞተር ሥር ሽፋን

ጉድጓድ ሲሰብረው ተነቅሎ ይጣላል። ከሥር የሚገባው አየር ሞተሩ ክፍል ውስጥ ግፊት ይፈጥርና ራዲያተሩን ከኋላ ይዘጋዋል። መልሱት፤ ካጣችሁት ከላሜራ አሠሩት።

ቴርሞስታት ማውጣት፣ ክዳን መናቅ

ቴርሞስታት ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍት በር ነው። «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ይቀዘቅዛል» የሚል ጋራዥ ዛሬም አለ። ደሴ ጠዋት ላይ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይዝ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የባይፓሱን (ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞርበትን) መንገድ የሚዘጋበት ሞተር ላይ ደግሞ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በባይፓሱ ይዞራል፤ ዳገት ላይ ጭራሽ ይሞቃል።

የራዲያተሩ ክዳን ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ይህ ብዙ ሞተር በሰላም የሚሠራበት ሙቀት ነው። 0.9 (ባር) ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን ያንን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ሞላው የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ይዞ ፓራውልት መቁረጥ ከንቱ ድካም ነው። ኩላንቱን (የማቀዝቀዣ ፈሳሹን) ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ የወንዝ ውሃ ቱቦውን በኖራ ይደፍነዋል። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን አትክፈቱ።

መርፌውን አምኖ መለካት

የብዙ መኪና የሙቀት መርፌ መሀል ላይ እንዲቆም ሆኖ የተሠራ ነው፤ ውስጥ ሙቀቱ 15 ወይም 20 ዲግሪ ቢለዋወጥ አይነቃነቅም። ሲነሳ ነገሩ አልፏል። ርካሽ የኦቢዲ (የመኪናው ኮምፒውተር መሰኪያ) አንባቢ ከስልክ ጋር አገናኙና ቁጥሩን እዩ። መኪናው ኦቢዲ ከሌለው ከራዲያተሩ የላይ ጎማ ጋር የሚገጠም ሴንሰር ያለው መለኪያ ግዙ።

ከመሥራታችሁ በፊትም ከሠራችሁ በኋላም በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ጭነት፣ ኤሲው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሆኖ ሁለት ቦታ ለኩ፦ ሐርቡ ሜዳ ላይ በ80፣ ሐረጎ ላይ በሁለተኛ ማርሽ። ሜዳ ላይ እየሞቀ ዳገት ላይ ደህና ከሆነ አየሩ በጎን እያመለጠ ነው ወይም ፊኖቹ ተደፍነዋል፤ ኮንደንሰሩንና ራዲያተሩን አለያይታችሁ በቀላል ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠቡ፣ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ፊኑን ስለሚያጥፈው ይቅር። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከሞቀ ቬንትሌተሩን፣ ቀፎውንና ሪሌውን ፈትሹ። ቁጥሩ ደህና ቆይቶ በድንገት ከዘለለ፣ ማሞቂያውም በዚያው ቅጽበት ቀዝቃዛ ከተፋ፣ ውሃ ጎድሏል ወይም አየር ገብቷል፤ ተሞልቶ አየሩ ከወጣ በኋላም ከተመለሰ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መሀል ያለው ማሸጊያ) ይታይ።