ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ፓስፖርት ማውጣትና ማሳደስ

ፓስፖርት የሚሰጠው ከተማ ቢሆንም ጉዳዩ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው ቀበሌ ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ይጀምራል። ብር ቋጥሮ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቆም በመታወቂያውና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው የአያት ስም አይገጥምም ተብሎ ይመለሳል። የመንገዱ ወጪ፣ የአልጋው ኪራይና የባከነው የሥራ ቀን በከንቱ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው ከመንደር ሳይርቁ ስለሚሠራ ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፦ የልደት ምስክር ወረቀት

ለአዲስ ፓስፖርት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ጊዜው ያላለፈበት የነዋሪነት መታወቂያና የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ውስጥ የገጠሩን ሰው የሚያስቸግረው የልደቱ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞትና የመሳሰሉት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬ ፓስፖርት የሚፈልገው ጎልማሳ ሁሉ ማለት ይቻላል ሲወለድ አልተመዘገበም። መፍትሔው ዘግይቶ መመዝገብ ነው። የሚመዘግበው የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ሲሆን፣ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ሥራውን ደርቦ የሚሠራው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው።

ሲሄዱ ዕድሜን የሚያሳይ ማናቸውንም ወረቀት ይያዙ፦ የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት። ምንም ከሌለ የሚያውቁዎት ሰዎች መጥተው ይመሰክራሉ፤ ስንት ምስክር እንደሚፈለግና ምን ይዘው እንደሚመጡ አስቀድመው ይጠይቁ። የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ስብሰባ ሄዶ ወይም ማኅተም ያዡ ማሳው ላይ ሆኖ ተዘግቶ መገኘቱ ያለ ነገር ነው። ስልክ ደውሎ መሄድ፣ ካልሆነም በገበያ ቀን መሄድ ይሻላል። ከተቻለ ጉዳዩን በክረምትና በአጨዳ ሰሞን አይጀምሩ፤ ከጥር ወዲህ ሰውም መንገዱም ይገኛል።

ወረቀቱ በእጅዎ ሲገባ እዚያው ቆመው ያንብቡት። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ወይም የጎረቤት ተማሪ ይዞ ቢሄድ አያፍርበትም። የሚታየው ይህ ነው፦ በመታወቂያው ላይ «ወ/ማርያም» ተብሎ ያጠረው ስም በልደቱ ላይ «ወልደማርያም» ከሆነ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። በአማርኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ግን ጸሐፊው እንደመሰለው ሦስትና አራት መልክ ይይዛሉ። ስለዚህ ስምዎ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ጊዜ ወስነው ቁራጭ ወረቀት ላይ ያስፍሩና በሄዱበት ሁሉ ያንን ያሳዩ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም፣ ሦስቱም።

የትውልድ ቀኑም እንዲሁ ነው። «ስምንት ዓመት ደምር» የሚለው የተለመደ አቆጣጠር ሁልጊዜ አይሠራም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ለተወለደ ሰው ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1990 የተወለደ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ነው፤ ሚያዝያ 5 ቀን 1990 የተወለደ ደግሞ ኤፕሪል 13 ቀን 1998። ጸሐፊው ለሁሉም ስምንት ከደመረ የጥቅምቱ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ አነሰ ማለት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመላክ ተብሎ የ15 እና የ16 ዓመት ልጅን 18 አድርጎ የሚያስጽፍ ደላላ በየገጠሩ አለ። ውለታ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ልጅቱ ለሥራ ያልደረሰች ሆና ሳለ የሚከላከልላትን ሕግ በገዛ ወረቀቷ ታጣለች። የውሸቱ ልደትም በኋላ በትምህርት ማስረጃዋ፣ በጋብቻዋና በልጆቿ ወረቀት ላይ ሁሉ እየተከተላት ይሄዳል። ወላጅ ይህን እሺ ማለት የለበትም።

ቀጥሎ፦ ፋይዳ

የፋይዳ ምዝገባ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀዎት ሰው ካለ ሌላ ጣቢያ ይፈልጉ። ጣቢያዎች በወረዳ ከተሞች፣ በባንክ ቅርንጫፎችና በኢትዮ ቴሌኮም ሱቆች ይገኛሉ። እዚያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። መዝጋቢው ስምዎን በኮምፒውተሩ ላይ ሲጽፍ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ፊቱ ያስቀምጡለት። ቁጥሩ በስልክ መልእክት ስለሚመጣ የሚሰጡት ስልክ የራስዎ ይሁን።

አሻራን በሚመለከት ገበሬና የቀን ሠራተኛ ልብ ሊል ይገባል። በሞፈርና በመጥረቢያ የሻከረ ጣት መስመሩ ስለሚጠፋ መሣሪያው ደጋግሞ ይመልሰዋል። ለጥቂት ቀናት ማታ ማታ እጅን በለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ቅባት መቀባት ብዙ ይረዳል። መሣሪያው ላይ ሲያስቀምጡት ግን ጣቱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። እንሶስላ ወይም ሂና የሞቁ ሴቶች ቀለሙ ከጣታቸው ጫፍ እስኪለቅ ቢታገሡ ይሻላል። ይህ ምክር ለኢሚግሬሽኑ ቀንም ያገለግላል።

ማመልከቻውና ቀጠሮው

ማመልከቻው የሚሞላው በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ነው። አድራሻው መጨረሻ ላይ «ጎቭ ዶት ኢቲ» (.gov.et) የሚለው ከሌለ የመንግሥት ገጽ አይደለም፤ ይውጡ። በወረዳ ከተማ በኮምፒውተር ቤት ማስሞላት የተለመደ ነው፤ የጽሕፈት ዋጋ መክፈልም ነውር የለውም። ነውሩ ጸሐፊው የራሱን ስልክና ኢሜይል ሲያስገባ ነው። ያን ጊዜ ስለ ጉዳይዎ የሚላከው መልእክት ሁሉ ለእርሱ ይደርሳል፤ እርስዎም ወደ እርሱ ሲመላለሱ ይኖራሉ። የማመልከቻ ቁጥሩን ሳይቀበሉና የተሞላውን ፊደል በፊደል ሳያዩ ክፍያ አይፈጽሙ።

ቅጹ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ማለትም አዲስ፣ እድሳት፣ የጠፋ ወይም እርማት መሆኑን ይጠይቃል፤ ከዚያ ቅርንጫፍና የቀጠሮ ቀን ያስመርጣል። ከአዲስ አበባ ውጭ በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በአዳማ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በሰመራና በመቀሌ ቅርንጫፎች አሉ። ሲመርጡ በካርታ የሚቀርበውን ብቻ ሳይሆን ቀጥታ መኪና ያለውንና መንገዱ ሰላም የሆነውን ያስቡ። የቀጠሮው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ወደ እኛው አስቀይረው ይያዙ። ሰዓቱም ቢሆን 8፡30 ጠዋት የሚል ከሆነ በእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል መስሏቸው ቀጠሮ ያለፋቸው ሰዎች አሉ።

ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ይፈጸማል። ለረጅም ጊዜ 600 ብር የነበረው የመደበኛ ፓስፖርት ዋጋ ወደ 2,000፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. ወደ 5,000 ብር አድጓል። የአስቸኳይ አገልግሎት ዋጋ የዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ታሪፉ ስለሚቀያየር የዕለቱን ዋጋ ከድረ ገጹ እንጂ ከደላላ አይስሙ። ደረሰኙን ያትሙ፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት።

በቀጠሮው ዕለት

ዋናዎቹን ሰነዶች ከነፎቶ ኮፒያቸው፣ የታተመውን ማመልከቻና ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው በዋዜማው ገብቶ ቢያድር ይመረጣል። ፎቶውና አሻራው እዚያው ይወሰዳል፤ ፊት በሙሉ እንዲታይ ሻሽና ነጠላ ወደ ኋላ ይደረጋል፣ መነጽር ይወልቃል። ልጅ ይዞ የሚመጣ ወላጅ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የራሱን መታወቂያ ይያዝ። ግቢው በር ላይ «አስጨርስልሃለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ወረቀትዎን አያስይዙት።

ለሚያሳድሱ

እድሳት ይቀላል። የድሮው ፓስፖርት ከነኮፒው፣ የታደሰ መታወቂያና ፋይዳ ይበቃሉ፤ ሆኖም ስም ወይም ልደት የሚለያይ ከሆነ እርማት ስለሚሆን የልደቱንም ይያዙ። ጊዜው እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ብዙ አገሮች ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ፓስፖርት ነው የሚቀበሉት። የጠፋበት ሰው በመጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቶ ማስረጃ ይቀበላል፤ ክፍያውም ከእድሳት ይከብዳል።

ፓስፖርቱን ሲረከቡ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና ጾታውን ያንብቡ፤ ስህተት ካለ እዚያው ይናገሩ። ከዚያ የፎቶውን ገጽ አስነስተው አንዱን ቅጂ ቤት ለሚቀር ቤተሰብ ይስጡ። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ፓስፖርቱን አሠሪው ሊይዝበት ስለሚችል፣ ኤምባሲ ሄዶ ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚተማመነው በዚያ ቅጂ ነው።