ለኤሌክትሪክ ፓናል ትልቁን ብሬከር (ኤምሲሲቢ) እንዴት መምረጥ ይቻላል?

ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ባለ 100 አምፔሩን ነቅሎ ባለ 160 ይተክላል። በእርግጥ መውረዱ ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚግለው ግን ኬብሉ ነው። ብሬከር ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ማሽኑን ሳይሆን ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ሽቦ ነው፤ ምርጫውም የሚጀምረው ይህን ከማወቅ ነው።

1. ጭነቱን ያስሉ። በ400 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ላይ 45 ኪሎዋት የሚስብ፣ ፓወር ፋክተሩ (ከሚስበው ኃይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ) 0.85 የሆነ ጭነት አለ እንበል። 45,000ን ለ1.73፣ ለ400 እና ለ0.85 ብዜት ሲያካፍሉ 76 አምፔር ገደማ ይመጣል። ለረጅም ሰዓት ሳያቋርጥ የሚሠራ ከሆነ በ1.25 ማባዛት የተለመደ ነው፤ 95 ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለው መጠን 100 ነው። ለሞተር ግን ታርጋው ላይ የተጻፈውን አምፔር ይውሰዱ። እዚያ ያለው ኪሎዋት ዘንጉ የሚሰጠው ጉልበት እንጂ ሞተሩ ከመስመር የሚስበው አይደለም።

2. ኬብሉን ያመሳክሩ። የብሬከሩ አምፔር ከጭነቱ ማነስ፣ ኬብሉ ከሚችለውም መብለጥ የለበትም። በአንድ ቱቦ ውስጥ ተጨናንቀው የሚያልፉ ኬብሎች የመሸከም አቅማቸው እንደሚቀንስ አይርሱ።

3. የመቁረጥ አቅሙን ይመልከቱ። ገዢ ሁሉ አምፔሩን ይጠይቃል፤ ይህን ግን የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ የማየው እርሱን ነው። ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ (ሾርት ሲሆን) የሚፈሰው ኃይል በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ነው፤ ብሬከሩ ያን ማቋረጥ ካልቻለ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ባለ 400 ኪሎቮልት አምፔር ትራንስፎርመር በ400 ቮልት 577 አምፔር ይሰጣል። ኢምፒዳንሱ (ኃይሉን የሚገታው የትራንስፎርመሩ የውስጥ መቋቋም) 4 በመቶ ከሆነ፣ 577ን ለ0.04 ሲያካፍሉ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ የሚጠበቀው የሾርት ኃይል 14.4 ኪሎአምፔር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ባለ 10 ኪሎአምፔሩ አይበቃም፤ ባለ 25ቱ ይበቃል። ኬብሉ በረዘመ ቁጥር ይህ ኃይል ይቀንሳል።

ብሬከሩ ፊት ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። «አይሲዩ» (Icu) የሚባለው ብሬከሩ ሊያቋርጠው የሚችለው የመጨረሻው ኃይል ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አገልግሎት ለመመለሱ ዋስትና የለም። «አይሲኤስ» (Ics) ደግሞ አቋርጦ መሥራቱን እንዲቀጥል የተፈተነበት ነው። ለዋና ብሬከር ከስሌቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ቁጥር ቢሆን ይመረጣል። ከቁጥሩ ጎን ያለውን ቮልትም ያንብቡ፤ ያው ብሬከር በ230 ቮልት የሚያቋርጠውን ያህል በ400 አያቋርጥም።

4. የመውረጃ ስልቱን ይምረጡ። በተለመደው ዓይነት፣ ጭነት ሲበዛ ውስጥ ያለው ባለ ሁለት ብረት ልሳን ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ ሾርት ሲሆን ደግሞ ማግኔቱ ወዲያው ይጥለዋል። 76 አምፔር የሚስብ ሞተር ሲነሳ 7 እጥፍ ቢስብ 532 አምፔር ነው። የባለ 100ው ማግኔት 5 እጥፍ ላይ ከተሞላ በ500 ይወርዳል። መፍትሔው ባለ 160 መግዛት ሳይሆን፣ መስተካከል የሚችለውን መርጦ ፊቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ወደ 8 ወይም 10 ማዞር ነው።

5. ፌዝና ኒውትራል። ለሦስት ፌዝ ሞተር ባለ 3 ፖል፣ ማለትም ሦስት ሽቦ የሚያቋርጥ፣ ይበቃል። ኒውትራሉም እንዲቋረጥ ከተፈለገ ባለ 4 ይወሰዳል፤ ኒውትራልና የመሬት መስመር አንድ ሽቦ በሆኑበት ተከላ ግን ያ ሽቦ በብሬከር አይቋረጥም።

6. ሙቀት። የአብዛኞቹ ብሬከሮች አምፔር የተለካው በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የታፈነ ፓናል ከዚያ ሊያልፍ ስለሚችል የአምራቹን ሰንጠረዥ ይዩ።

ተከላውን ኃይል ተቋርጦ መቋረጡም በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ባለሙያ ይሥራው፤ ብሎኖቹም አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጥበቁ። የላላ ብሎን የኬብሉን ጫፍ ያጠቁራል፤ ሙቀቱም ወደ ብሬከሩ ቀፎ ዘልቆ ባለ 100ውን በ70 አምፔር እንኳ ሊያወርደው ይችላል።