አሜሪካ ያለ ዘመድ «ለልጄ ክትባት የሃይማኖት ደብዳቤ ላኩልኝ» ካላችሁ እንዲህ አድርጉ

እህት ወይ ወንድም ደውሎ «ትምህርት ቤቱ ልጄን ያለ ክትባት አልቀበልም አለኝ፣ ከሸሁ ወይ ከቄሱ ክትባት እምነታችን አይፈቅድም የሚል ደብዳቤ አጽፋችሁ ላኩልኝ» ሲላችሁ ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ ወዲያው እንዳትሮጡ።

መጀመሪያ በደንብ ጠይቁት፣ እምነቱ ነው ወይስ የክትባት ካርዱ ጠፍቶበት ነው? ካርድ ከሆነ ሃይማኖት ምን አገባው! ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከመዝገቡ አስፈልጉና አዲስ ካርድ አጽፉ፣ ቀኑን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር አስጽፉት ምክንያቱም መስከረም 2008 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ 2015 ነው የሚለው፣ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባቱ ካርዱ ላይ ሰኔ 2008 ተብሎ ከሄደ እዛ ያለችው ነርስ ሳይወለድ የተከተበ ነው የሚመስላት። ጁን 2016 ተብሎ ይጻፍ። መዝገቡም ከሌለ እንደገና ቢከተብ አይጎዳውም።

የእምነት ጉዳይ ነው ካለ የሚኖርበትን ስቴት (ግዛት) ጠይቁት። ካሊፎርንያ በፈረንጅ 2015 ባወጣችው ህግ፣ ኒውዮርክም ኩፍኝ ተነስቶባት በፈረንጅ 2019 የሃይማኖት ምክንያት መቀበል አቁመዋል፣ እዛ ደብዳቤ ብትልኩ ዋጋ የለውም። ቨርጂንያ ሲአርኢ-1 (CRE-1) የሚባል ፎርም አለ፣ ወላጁ ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ይፈርማል። ሜሪላንድ የክትባት ፎርሙ ላይ የሚፈረምበት ቦታ አለ። ሁለቱም ጋ የሚፈርመው ወላጁ ራሱ ነው እንጂ ሸህም ቄስም አይደለም፣ ስለዚህ የኛን አባቶች ማስቸገር አያስፈልግም።

ከመፈረሙ በፊት ግን የሚያምናቸውን አባት ስለ እምነቱ ይጠይቅ። ብዙ ሙስሊም ወላጅ የሚያሳስበው አንዳንድ ክትባት ውስጥ ያለው ከአሳማ የሚሠራ ጄላቲን ነው፣ በፈረንጅ 1995 ኩዌት የተሰበሰቡ የእስልምና ሊቃውንትና ሐኪሞች ተለውጦ ሌላ ነገር ስለሆነ ይፈቀዳል ብለዋል። በኦርቶዶክስም ክትባት የሚከለክል ቀኖና የለም። የአላህን ወይ የእግዜርን ስም ጠርቶ ያላመኑበትን መፈረም እኔ በጣም ነው የሚከብደኝ፣ ወሎ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አይለያይም።

አምኖበት ከፈረመም ይሄን ይወቅ፦ ትምህርት ቤቱ ኩፍኝ ከገባበት ያልተከተበ ልጅ ቤት ይቀመጣል፣ ለበሽታው ከተጋለጠ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 21 ቀን ነው፣ እናትና አባት ሁለቱም ሥራ የሚውሉ ከሆነ ልጁን ማን እንደሚይዝላቸው ከአሁኑ ይነጋገሩበት።