ቤታ ብሎከር የተሰጠው እንስሳ የአየር ቧንቧ ያልጠበቃችሁትን ሲያሳይ፦ ችግርና መፍትሄ

ከሳላይኑ ቡድን (በመድኃኒቱ ፈንታ የጨው ውሃ ከተሰጠው) ልዩነት ከሌለ፦ ብዙ ጊዜ ቤታው፣ ማለትም ቤታ ብሎከር የሚዘጋው የአድሬናሊን ተቀባይ፣ አልተዘጋም። ቤታን የሚቀሰቅሰውን አይሶፕሬናሊን በትንሹ ስጡና የልብ ምቱን እዩ፤ ከፈጠነ አልተዘጋም። አቴኖሎል በተባለው ቤታ ብሎከር ላይ ግን ይህ ፈተና ያታልላል፤ የልቡን ቤታ 1 ዘግቶ የአየር ቧንቧውን ቤታ 2 በአብዛኛው ይተወዋል። ብርሃን ላይ የዋለ የፕሮፕራኖሎል (ሌላ ቤታ ብሎከር) ፈሳሽ ይደፋ።

ሜታኮሊን (ቧንቧውን የሚያጠበው የመፈተኛ መድኃኒት) ሳይጀመር ቧንቧው ለአየር ፍሰት ያለው ተቃውሞ ከፍ ካለ፦ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ አክታ አለ። አጽዱና እንደገና ለኩ።

የቧንቧው ስሜታዊነት (በሜታኮሊን ቶሎ መጥበቡ) ይጨምራል ስትሉ ከቀነሰ፦ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ሲሰጥ፣ አድሬናሊን ቧንቧውን የሚያላላበትን በር ይዘጋል፤ ስለዚህ ትንሽ ሜታኮሊን ያጠበዋል። ለሳምንታት ሲሰጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አስም እንዲይዛቸው በተደረጉ አይጦች ናዶሎል የተባለው ቤታ ብሎከር ለ28 ቀን ሲሰጥ ስሜታዊነታቸው ቀንሷል።

አንድ ተማሪ የሁለት ወር ልፋቱን «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ነበር። የየኬጁን ካርድ አንድ በአንድ ስናነብ፣ ግማሾቹ መድኃኒቱን የጀመሩት ከአራት ሳምንት በፊት፣ ግማሾቹ በዚያው ጠዋት ነው። ሰንጠረዡ ላይ ሁሉም «ናዶሎል» ተብለው አንድ ዓምድ ውስጥ ገብተዋል! ሌላ ጊዜ መድኃኒቱ በመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። የአንዱ ጠርሙስ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ረጥቦ ጠቁሯል፤ መዝገቡ ግን «ጠጥተዋል» ይላል። እንስሳቱ በከንቱ ነው የሞቱት፤ እንዲህ ያለ ግዴለሽነት ያናድደኛል።

መፍትሄው፦ የተጀመረበትን ቀንና የመጨረሻው መጠን የተሰጠበትን ሰዓት ካርዱ ላይ ጻፉ። ጠርሙሱን በየቀኑ መዝኑ፤ ምንጣፉንም በእጃችሁ ዳስሱ። መድኃኒቱን ድንገት አቋርጣችሁ አትለኩ፤ በእገዳው ወቅት የበዙት ተቀባዮች በአንዴ ነጻ ሲወጡ ውጤቱን ያዛቡታል። የአንዱን ቀንና የ28 ቀኑን ቡድን በፍጹም አትደባልቁ።

አይሶፍሉሬን ራሱ የአየር ቧንቧን ያላላል፤ ለሁሉም ቡድን ማደንዘዣው አንድ ይሁን።

ቧንቧው ክፉኛ ከጠበበ በቤታ 2 በኩል ቧንቧ በሚያላላው ሳልቡታሞል አትተማመኑ፤ የሚሠራበትን በር ራሳችሁ ዘግታችኋል። የሜታኮሊንን ሥራ የሚገታው አትሮፒን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ሲሪንጅ ውስጥ ተሞልቶ አጠገባችሁ ይቀመጥ።