ለስፖርት መኪና ሰፋ ያለ የኋላ ጎማና ቸርኬ አመራረጥ

የኋላ ጎማን ማስፋት ትርጉም የሚኖረው ሞተሩ የኋላ እግሮቹን በሚያሽከረክር መኪና ላይ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ነዳጅ ሲሰጠው ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚጫን፣ ኃይሉን ወደ አስፋልቱ የሚያስተላልፉት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ኃይሉ ወደ ፊት እግሮች የሚሄድ ከሆነ ግን የኋላው መስፋት ክብደትና ወጪ ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም። አራቱንም እግር የሚያሽከረክር መኪና ደግሞ የፊትና የኋላ ጎማው ቁመት በጥቂቱ እንኳ ከተለያየ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ እግሮች የሚያከፋፍለው የመካከለኛው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ለጉዳት ይዳረጋል።

ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ስፋት በዋናነት የሚወሰነው በላዩ ባረፈው ክብደትና በውስጡ ባለው የነፋስ ግፊት ነው። ሰፊ ጎማ ይበልጥ የሚለውጠው የዚህን ቦታ ቅርጽ ነው፤ በቁመቱ አጠር፣ በጎኑ ሰፋ ያደርገዋል፤ ይህም በኩርባ ላይ ይጠቅማል። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለብዙ ዓመት መደርደሪያ ላይ ከቆየ ሰፊ ጎማ ይልቅ በፋብሪካው ልክ የተሠራ ጥሩና አዲስ ጎማ እመርጣለሁ። የተሠራበት ጊዜ በጎማው ጎን ላይ በአራት አሃዝ ተጽፎ ይገኛል፤ 2323 ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ልኩን ለመምረጥ መነሻው የጎማው ጠቅላላ ቁመት ነው። 225/45 አር 17 የሚል ጎማ 225 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የጎኑ ከፍታ የዚህ 45 በመቶ፣ ማለትም 101 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሚገባበትም ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ነው። ጠቅላላ ቁመቱ 634 ሚሊሜትር አካባቢ ይመጣል። ከኋላ 255/40 አር 17 ቢደረግ ቁመቱ 636 ገደማ ስለሚሆን ልዩነቱ ከ2 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የፍጥነት መለኪያውም ሆነ የፊትና የኋላ እግሮችን ፍጥነት እያነጻጸረ የሚሠራው የኤቢኤስ ፍሬን አይሳሳትም። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው የሚከተሉት ይህንኑ ስሌት ነው፤ ኢ 46 በመባል የሚታወቀው የቢኤምደብልዩ ኤም 3 ከፊት 225/45 አር 18፣ ከኋላ 255/40 አር 18 ይዞ ሲወጣ የሁለቱ ጎማዎች ቁመት እኩል ነበር ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው በዚሁ አጋጣሚ ቸርኬውንም ወደ 18 ኢንች ማሳደግ ያምረዋል። 255/35 አር 18 በቁመት ይስማማል፤ የጎማው ጎን ግን ከ102 ወደ 89 ሚሊሜትር ይወርዳል። መኪናው የሚያድረው በለገጣፎ፣ በሱሉልታ ወይም በሰበታ ሠፈሮች ውስጥ ከሆነ፣ አስፋልት እስኪደርስ ድረስ ጫፉ በወጣ ኮብልስቶንና ክረምት በቦረቦረው ጉድጓድ ላይ ማለፉ ስለማይቀር፣ ያቺ 13 ሚሊሜትር ቸርኬውን ከመጣመም የምታድን ናት። በእኔ ግምት ለከተማ ዳርቻ ነዋሪ 17 ኢንች ላይ መቆየት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ልኬት ነው፤ መቸኮል የሌለበትም እዚህ ላይ ነው። 255/40 ጎማ ከ8.5 እስከ 10 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ይገባል፤ ልኩ 9 ኢንች ነው። ቀጥሎ የሚታየው ኢቲ ተብሎ በቸርኬው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው፤ ይህም ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚጋጠምበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መካከል በስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙና ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱንቢ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ አንጠልጥለው ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ያለውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ ከውስጥ በኩል በጎማውና በሾክ አብዞርበሩ ወይም በሞላው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ውጪው 35፣ ውስጡ 20 ሚሊሜትር ሆነ እንበል፤ አሁን ያለው ቸርኬም 7.5 ኢንች፣ ኢቲው 45 ይሁን። ጎማው ከ225 ወደ 255 ሲሰፋ በየጎኑ 15 ሚሊሜትር ይጨምራል። ኢቲው 45 እንደሆነ ከቀጠለ ከውስጥ የሚተርፈው 5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ አደገኛ ነው። ኢቲ 35 ቢመረጥ ከውስጥ 15፣ ከውጭ 10 ይቀራል፤ መኪናው በጭነት ሲወርድ ግን ከፓራፋንጎው ጋር ሊላተም ይችላል። ኢቲ 40 ከውስጥ 10፣ ከውጭ 15 ስለሚተው ለዚህ መኪና ተገቢው እሱ ነው። ልኬቱን ሰዎች ከኋላ አስቀምጠው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ የሁለቱ ጎን ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ስለማይሆን ግራና ቀኙንም ለየብቻ ይያዙ።

ያገለገለ ቸርኬ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገዛ ከሆነ የብሎን ቀዳዳዎቹን አቀማመጥ በዓይን ማመን አይገባም። የመርሴዲስ 5 ብሎን በ112 ሚሊሜትር ክብ ላይ፣ የኢ 46 ቢኤምደብልዩ ደግሞ በ120 ላይ የተደረደረ ሲሆን፣ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የመርሴዲስ ብሎን መቀመጫ ክብ፣ የቢኤምደብልዩው ሾጣጣ በመሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ ማሰር ብሎኑ እንዲላላ ያደርጋል። የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ በመኪናው በኩል ከሚገባበት እምብርት ከሰፋ መሐል የሚያስይዝ ቀለበት ያስፈልገዋል። ቸርኬውን በጎሚስታው ባላንስ ማሽን ላይ አሽከርክረው ጠርዙ መወዛወዙን ይዩ፤ በውስጥ በኩል የብየዳ ጠባሳ ካለበትም ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት።

የኋላው ብቻ ሲሰፋ የመኪናው ጠባይ ይለወጣል። የኋላው ይበልጥ ስለሚይዝ በኩርባ ላይ መሪው ቢጠመዘዝም አፍንጫው ወደ ፊት መግፋት ይጀምራል፤ ስለዚህ የፊትና የኋላ ጎማ የስፋት ልዩነት ከ30 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በዝናብ ጊዜ ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀለዋል፤ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን መንገድ በሐምሌ የሚመላለስ ሰው የጥርሱ ጥልቀት ሲያልቅ እስከ መጨረሻው መጠበቅ የለበትም። የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ እኩል ማስበላትም ከእንግዲህ አይቻልም፤ ስኮርታውም በሁለቱም በኩል በልኩ የሚገባ አይሆንም።

ነፋሱ የሚሞላው ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ከቱሉ ዲምቱ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ሲወረድ የከፍታው መቀነስ ብቻውን በመለኪያው ላይ 1 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ያወርዳል፤ የቆላው ሙቀት ግን መልሶ ስለሚጨምረው እዚያ ደርሶ ነፋስ ማስወጣትም ሆነ መጨመር አያስፈልግም። ጎማው ከተገጠመ በኋላ አላይመንት (የእግሮቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠሩ፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ ደግመው ያጥብቁና በዚያው በጎማው የውስጥ ጎን ላይ የመፋቅ ምልክት መኖር አለመኖሩን በባትሪ መብራት ይመልከቱ።