የቀበሌን የከብት ችግር በልማት ሠራተኛው በኩል ወደ ወረዳ ዕቅድ እንዴት ማስገባት ይቻላል?

የግብርና ኤክስቴንሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባለሙያው ከወረዳ ይዞት የሚመጣውን ምክር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት በየቀበሌው የሚመደቡት የልማት ሠራተኞች የአርቢውን ችግር መዝግበው ወደ ላይ የማድረስም ኃላፊነት አለባቸው። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር እንዲበዛ ይፈልጋል፤ የደምቢያ ወይም የወገራ አርቢ ግን ከዚያ በፊት ክትባትና መኖ ያስፈልገው ይሆናል። ፖሊሲው ይህን የሚያውቀው ከቀበሌ የሚነሣው ዕቅድ በትክክል ከተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ጊዜውን ይምረጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቢጀምርም ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከወራት በፊት ስለሆነ፣ ውይይቱን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከጥር እስከ መጋቢት ማካሄድ ይበጃል። በሰኔ የሚቀርብ ጥያቄ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ገንዘቡ ከተደለደለ በኋላ የደረሰ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ሰዎችን በየጎጡ ያሰባስቡ። ስብሰባ ሲጠራ በብዛት የሚመጡት አባወራዎች ናቸው፤ ላሟን የሚያልቡትና ዶሮውን የሚጠብቁት ግን በአብዛኛው እናቶች ስለሆኑ፣ እነርሱን ለብቻቸው ሳያነጋግሩ የሚሞላ ቅጽ ግማሽ እውነት ብቻ ይይዛል።

ብዙ ጥያቄ የሚበላሸው በሦስተኛው ደረጃ፣ ማለትም በምዝገባው ነው። «ከብቶቻችን እያለቁ ነው» የሚል ቃለ ጉባኤ ልብ ይነካል፣ ነገር ግን ለወረዳው ባለሙያ ስንት ዶዝ፣ የትኛውን ክትባት፣ ለየትኛው ወር እንደሚጠይቅ አይነግረውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጎጥ የእንስሳው ዓይነትና ዕድሜ፣ የታመመውና የሞተው ብዛት፣ ወሩና የታየው ምልክት ይጻፍ። ጥሩ ሥጋ የነበረው ወይፈን በድንገት አንክሶ ጭኑ ካበጠና ሲዳሰስ ከተንኮሻኮሸ አባጎርባ የተባለውን የከብት በሽታ ያስጠረጥራል። ከብቱ በድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ደም ከወጣ ደግሞ አባሰንጋ ሊሆን ይችላልና ሬሳው ፈጽሞ አይከፈት፣ ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይገፈፍ፤ የበሽታው ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል፣ ሰውንም ይገድላል። እንዲህ ያለው ነገር ዕቅድ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ይነገር። በዕቅዱ የሚገባው የሚቀጥለው ዓመት ክትባት ነው፤ እርሱም ክረምቱ ሳይገባ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ክትባት በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ እስከ ቀበሌው መድረስ ስላለበት፣ ማቀዝቀዣና የበረዶ ሣጥን መኖሩም በዚያው ወረቀት ላይ ይመዝገብ። ለምዝገባው በስልክ ከሚላክ መልእክት ይልቅ በልማት ሠራተኛው እጅ የሚቀመጥ ባለመስመር ደብተርን እመርጣለሁ፤ ባለሙያው ቢዛወር እንኳ ለተተኪው ይተርፋልና።

ከደብተሩ የተውጣጣውን ሰንጠረዥ ከቃለ ጉባኤው ጋር አያይዘው፣ አስፈርመውና ማኅተም አስደርገው ለወረዳው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ የደብዳቤውንም ቁጥር ይያዙ።

በመጨረሻም በሐምሌ ወር የጸደቀውን ዕቅድ ከልማት ሠራተኛው ጋር ሆነው ይመልከቱ። ጥያቄው ከቀረ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ በትሕትና፣ ግን ሳይታክቱ ይጠይቁ፤ የጎደለ መረጃ ካለም ደብተሩ ከሚቀጥለው ጥር በፊት ይሟላ።