ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፦ ለቆየ መኪና ትርፍ ቁልፍና ሪሞት ስትፈልጉ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚነዳ ሰው ሳይ እጨነቅለታለሁ። መኪናው ከሦስተኛ ወይም ከአራተኛ እጅ ሲገዛ ሁለተኛው ቁልፍ የት እንደቀረ የሚያውቅ የለም። "አንዱ ይበቃኛል" ይባልና ዓመታት ያልፋሉ። የሚሠራ አንድ ቁልፍ እያለ ሌላ ማሠራት ቀላል ነው። ሁሉም ከጠፋ በኋላ ግን መኪናው ባለበት ተገትሮ ይቀራል። በአንዳንዶቹ ላይማ ኮምፒውተሩን ፈቶ እስከማውጣት ይደርሳል። ስለዚህ ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ማዘግየት ነው። የቀሩት ፍለጋው ከተጀመረ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ቁልፉን እንደ አንድ ዕቃ ማየት

እጃችሁ ላይ ያለው ቁልፍ ሦስት ነገር ነው። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚዞረው ብረት አለ። በር የሚከፍትና የሚዘጋው ሪሞት አለ። እዚያው ፕላስቲኩ ውስጥ ደግሞ የማይታይ ቺፕ አለ። ሦስቱ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ብረቱ በትክክል ተቀርጾ ሪሞቱ ላይሠራ ይችላል። ሪሞቱ በሩን እየከፈተ ሞተሩ እምቢ ሊል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በቺፑ ነው። በብዙ መኪኖች ቁልፉ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ። ቁልፉን ስታዞሩ ሽቦው ለቺፑ ኃይል ይሰጠዋል፤ ቺፑም የራሱን መለያ ይመልሳል። መኪናው መለያውን ካላወቀው ሞተሩን ይከለክላል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይኸው ነው። ይህ ቺፕ ባትሪ የለውም። ስለዚህ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅም ቁልፍ ተከቶ የሚዞርበት መኪና ይነሳል። ካልተነሳ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

መኪናችሁ ቺፕ ይኑረው አይኑረው በዕድሜው ብቻ አትገምቱ። የአውሮፓ ኅብረት በአዳዲስ መኪኖች ላይ ኢሞቢላይዘርን ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ ደግሞ በ2007 ተከተሉ። አንድ ዓይነት መኪና፣ በአንድ ዓመት ተሠርቶ፣ ለአንዱ አገር ቺፕ ኖሮት ለሌላው ሳይኖረው ሊሸጥ ይችላል። ቤት ውስጥ የሚሞከር ቀላል ዘዴ አለ። የቁልፉን ራስ በአልሙኒየም ፎይል ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ለማስነሳት ሞክሩ። ሞተሩ ካልተነሳ፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ቺፕ አለ ማለት ነው።

መልኩን አይቶ መግዛት

"ፎቶው ልክ የእኔን ይመስላል" ብሎ ማዘዝ ገንዘብ ይበላል። ሁለት ሪሞቶች በመጫኛ ቁልፋቸው ብዛት፣ በቅርጻቸው፣ በዓርማቸው ሳይቀር መንትያ ሆነው በተለያየ ሞገድ ሊሠሩ ይችላሉ። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች በ315 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ፤ የጃፓኖቹም ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው። ለአውሮፓ የተሠሩት አብዛኞቹ በ433.92 ናቸው። በ315 የሚሰማ መኪና በ433 የሚናገር ሪሞትን በጭራሽ አይሰማውም። የቆዩ መኪኖች ደግሞ ከአገር አገር ይዞራሉ። ስለዚህ መኪናው ዛሬ ያለበት አገር ምንም አይነግራችሁም፤ መጀመሪያ ለየት አገር ገበያ እንደተሠራ እወቁ።

መልሱ ያለው አሮጌው ሪሞት ውስጥ ነው። ቀፎውን ክፈቱና ውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የታተመውን ቁጥር በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ከቀፎው ጀርባ የተጻፈም ካለ አብሮ ይነሳ። ስታዙ የምታመሳስሉት ያንን ቁጥር ነው፣ ከነፊደሉ። አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ዕቃ ነው ብላችሁ ያዙት።

የቺፑም ዓይነት አንዳንዴ ብረቱ ላይ ምልክት አለው። በብዙ የቶዮታ ቁልፎች፣ ብረቱ ከፕላስቲኩ ወጣ በሚልበት አንገት ላይ፣ ትንሽ ነጥብ ወይም ጂ ወይም ኤች የሚል የላቲን ፊደል ታገኛላችሁ። እነዚህ ሦስት የተለያዩ የቺፕ ትውልዶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ምንም ምልክት ከሌለ ወይ ከእነሱ የሚቀድም ቺፕ ነው፣ ወይ ጭራሽ ቺፕ የለውም።

የሻንሲ ቁጥርም ይረዳል። ግን ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የተለመደው ባለ 17 አሃዝ ቁጥር የለውም። አጭር ነው፤ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው። 17 አሃዝ የሚጠይቅ መፈለጊያ አልቀበልም ሲላችሁ ቁጥሩ የተሳሳተ አይምሰላችሁ።

ቀፎ ሲቀየር ቺፑን መጣል

ይህን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የጓደኛዬ ቁልፍ ተሰንጥቆ አዲስ ቀፎ ገዛን። ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩት። አረንጓዴዋን ሰሌዳ አወጣሁ፣ አዲሱ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ብሎኗን አሰርኩ። ተጫንኩት፣ በሩ ተከፈተ። ደስ ብሎን አሮጌውን ቀፎ ጣልነው። ከዚያ ጓደኛዬ ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ለአንድ ሰከንድ ያህል ተነሳ፣ ጠፋ። ደግሞ ተነሳ፣ ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

ቆሻሻ ቅርጫቱን ገልብጠን አሮጌውን ቀፎ አገኘነው። ፕላስቲኩ ጥግ ላይ፣ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ከፍ የምትል ጥቁር ነገር ተሰክታለች። የፕላስቲኩ አካል ነበር የመሰለኝ። በቀጭን ቢላ ጠርዝ ፈልቅቄ አዲሱ ውስጥ ከተትኳት፤ መኪናው ተነሳ። በአንዳንድ ቁልፎች ቺፑ ሰሌዳው ላይ የተበየደ ነው፣ በሌሎች ቀጭን የመስታወት እንክብል ነው። መስታወቱ በቀላሉ ይሰበራል፣ በፒንሳ አትጭመቁት። አዲሱ ቁልፍ መኪናውን ሳያስነሳ አሮጌውን ቀፎ ፈጽሞ አትጣሉ።

ከተበላ ቁልፍ ማስቀረጽ

ሃያ ዓመት የሠራ ቁልፍ ጥርሱ ተበልቷል። ከእሱ የሚቀረጸው ግልባጭ መበላቱንም አብሮ ይወርሳል። በዚያ ላይ ማሽኑ የራሱን ጥቂት ስህተት ይጨምራል። እየነቀነቃችሁ የምታስገቡት ቁልፍ ካላችሁ ግልባጩ ከዚያ ይብሳል።

የተሻለው በኮድ ማስቀረጽ ነው። መኪናው አዲስ ሲሸጥ ከቁልፎቹ ጋር አንዲት ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ሰሌዳ ይሰጥ ነበር፤ የቁልፉ ኮድ እዚያ ላይ አለ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ካለ መሃሉን ገልጣችሁ ፈልጉ። ከሌለ የአምራቹ ወኪል በሻንሲ ቁጥርና በባለቤትነት ማስረጃ ሊያወጣው የሚችልባቸው መኪኖች አሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በቆየ መኪና ላይ የሞተር ማስነሻው ወይም የአንዱ በር ቁልፍ ቤት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ያኔ የፋብሪካው ኮድ በሩን ከፍቶ ሞተሩን አያዞርም። ከማስቀረጻችሁ በፊት ያላችሁን ቁልፍ በሁሉም በር፣ በኋላ ሻንጣው፣ በነዳጁም ክዳን ሞክሩት።

የአላርም ሪሞትን የመኪናው ሪሞት ማድረግ

ብዙ የቆዩ መኪኖች ሲሠሩ ሪሞት አልነበራቸውም። በኋላ ሰው ያስገጠመው አላርም ነው በሩን የሚከፍተው። ይህን ሳያውቁ የፋብሪካውን ሪሞት በውድ የሚገዙ አሉ። ሪሞቱ ከቁልፉ ተለይቶ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ የመኪናው ዓርማም ከሌለበት ጠርጥሩ። ከመሪው በታች ያለውን ሽፋን ሲከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ የአላርሙ ሳጥን እዚያ ነው። መፈለግ ያለባችሁ ለዚያ ሳጥን የሚስማማ ሪሞት ነው። ካልተገኘ ሳጥኑን ከነሪሞቶቹ መቀየር ይሻላል።

ያገለገለ ቁልፍ መግዛት

ከፈረሰ መኪና የወጣ ቁልፍ ርካሽ ነው፣ ኦሪጅናልም ነው። ግን ብረቱ በሌላ መኪና ልክ የተቀረጸ ነው። ቺፑም፣ በተለይ በብዙ የአውሮፓ መኪኖች፣ አንዴ ከአንድ መኪና ጋር ከተቆለፈ ሌላ መኪና አይቀበልም። ፕሮግራም የሚያደርግላችሁን፣ ማለትም ቁልፉን መኪናው ላይ የሚመዘግብላችሁን ባለሙያ ሳትጠይቁ አትግዙ።

"ማንኛውንም ሪሞት ይቀዳል" ተብለው የሚሸጡትም እንደዚያው ናቸው። ርካሾቹ የሚቀዱት ኮዱ የማይቀያየረውን ብቻ ነው። አብዛኛው የፋብሪካ ሪሞት በተጫናችሁት ቁጥር ኮዱን ይቀይራል።

አንዱን ቁልፍ እቤት ትቶ መሄድ

ፕሮግራም ልታስደርጉ ስትሄዱ ያላችሁን ቁልፍ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ መኪኖች አዲስ ሲመዘግቡ የቀድሞዎቹን በሙሉ ይሰርዛሉ፤ ቤት የቀረው ቁልፍ ከዚያ በኋላ ሞተር አያስነሳም። ዋናና ረዳት ቁልፍ ያላቸውም አሉ። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ጥቁሩ ዋና ነው፣ ግራጫው ረዳት ነው። ግራጫው መኪናውን ያስነሳል፣ አዲስ ቁልፍ ግን አያስመዘግብም። በ1990ዎቹ በነበሩ ፊያቶች ደግሞ ዋናው ቀይ ቁልፍ ነበር። መኪና ስትገዙ ቀዩን አብራችሁ ጠይቁ።

ባትሪውን ሳይቀይሩ ሪሞት መግዛት

መጀመሪያ ባትሪውን ቀይሩ፣ የሚነካበትንም ብረት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ቁጥሩም ልክ ይሁን። ሲአር 2032 ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው፣ 2016 ደግሞ 1.6። ስፋታቸው እኩል 20 ሚሊሜትር ስለሆነ ያሳስታል፤ ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ላላ ብሎ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም።

አዲሱን ቁልፍ የምትሞክሩት፣ በሩ እንዳይቆለፍባችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ይሁን። በሩን ሁሉ በብረቱም በሪሞቱም ሞክሩ። ሞተሩን አስነሱ፣ ትንሽ ይሥራ፣ አጥፉት፣ እንደገና አስነሱ። ባለሙያው ሳይሄድ አሮጌውንም ቁልፍ መልሳችሁ ሞክሩት። የቁልፉን ኮድና የሪሞቱን ሰሌዳ ፎቶ ከመኪናው ውጭ አስቀምጡ። ትርፉን ቁልፍም እንደዚሁ፤ የመኪናው ኪስ ውስጥ አይሁን።